ታሪኩ ካቡ ላይ ነው

የእንግሊዝን ገጠር ታሪክ ማወቅ የፈለገ አስጎብኚ ይዞ በአውቶቡስ ይሂድ፤ ብስክሌት ንጹሕ አየር ለሚሻ ነው የሚል አስተያየት እንደ ተራ እውነት ሲነገር ቆይቷል። በዚህ አስተያየት መሠረት ያለ አስጎብኚ በብስክሌት የሚዞር ሰው ሰውነቱን አፍታቶ፣ መልክአ ምድሩን አድንቆ ይመለሳል እንጂ ያየውን አያውቀውም። ዕውቀቱ ያለው ማይክሮፎን የያዘው ሰው ዘንድ ነው። ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ከመነሻው ይጀምራል። የዚያ አገር የገጠር ታሪክ በአብዛኛው ያለው አውቶቡስ በሚቆምባቸው ስፍራዎች ሳይሆን በሁለት ማቆሚያዎች መካከል ነው። ካርታውን ራሱ ይዞ፣ መታጠፊያውን ራሱ መርጦ፣ ዳገቱን በራሱ ጉልበት የሚወጣ ሰው የሚያየው ይህንኑ መካከሉን ነው። ያለ አስጎብኚ ማለት ደግሞ ያለ ዝግጅት ማለት አይደለም። አዘጋጁ ድርጅት ብስክሌት፣ የመንገድ ካርታና ማደሪያ ያቀርባል፤ ሻንጣውንም ከማደሪያ ወደ ማደሪያ በመኪና ያደርሳል። የሚጎድለው «እዚህ ላይ ፎቶ አንሡ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

ለክርክሩ ከኮትስዎልድስ የተሻለ ማስረጃ የለም። ከኦክስፎርድ በስተ ምዕራብ የሚገኘው ይህ ከፍተኛ ምድር በማር መልክ ድንጋይ በተሠሩ ቤቶቹ የታወቀ ስለሆነ አውቶቡሶች ይጎርፉበታል። የሚቆሙባቸው ቦታዎችም የታወቁ ናቸው። በቢበሪ መንደር አርሊንግተን ሮው የሚባለው የቤቶች ረድፍ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለሱፍ መጋዘንነት ተሠርቶ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሸማኔዎች መኖሪያ የሆነ ነው። በቺፒንግ ካምደን ቤተ ክርስቲያን በ1401 የሞተው የሱፍ ነጋዴ ዊልያም ግሬቭል በናስ ላይ ተቀርጾ ይታያል። በኖርዝሊች ደግሞ ጆን ፎርቲ የተባለው ነጋዴ የቆመው በግና የሱፍ ጥቅል ላይ ነው። ጎብኚው «ይህ ሁሉ ሀብት ከሱፍ የመጣ ነው» የሚለውን ሰምቶ ይሳፈራል። ሱፉ ለምን ከዚህ እንደመጣ፣ በጎቹ የት እንደዋሉ፣ ሀብቱ የት እንደሄደ ግን ከመቀመጫው ሆኖ ሊያይ አይችልም። ገንዘቡ የተቀመጠበትን ሣጥን አይቶ ገንዘቡ የተገኘበትን ምድር አልፎታል።

ምድሩን የሚያስተምረው ጉልበት ነው። ኮትስዎልድስ በምዕራብ በኩል ገደላማ፣ በምሥራቅ በኩል ቀስ እያለ የሚዘቀዝቅ የኖራ ድንጋይ ሜዳ ነው። ከብሮድዌይ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ጭኑ ላይ ይሰማዋል። ከላይ ሲደርስ ነፋሻማና ውኃው ወደ ድንጋዩ የሚሰርግበት ስስ አፈር ያለው ሰፊ መሬት ያገኛል፤ ለስንዴ ስስታም፣ ለበግ ግን የተመቸ። በቁልቁለቱ ሲወርድ ወንዝ፣ በወንዙ ዳር የወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮው አጠገብ መንደር ያያል። ስቶው ኦን ዘ ዎልድ ለምን እዚያ ኮረብታ አናት ላይ እንደ ተቆረቆረችም ወደ እርሷ የሚወጡትን መንገዶች የገፋ ሰው ይገባዋል። ወንዝ ዳር የበቀለች መንደር ሳትሆን መንገዶች የሚገናኙበት ገበያ ናት። እንግሊዛዊው ደራሲ ዳንኤል ዴፎ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአንድ ገበያ ከ20,000 በላይ በጎች ይሸጡባት እንደነበር ጽፏል።

ከሁሉ በላይ ግን ካቡ አለ። በዚህ ከፍታ ማሳን ከማሳ የሚለየው ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ የድንጋይ ካብ ነው። የአውቶቡስ ጎብኚ ካቡን የቤተ ክርስቲያኑ እኩያ አድርጎ ይወስደዋል፤ የማይለወጠው የእንግሊዝ ገጠር ምልክት ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ሱፉ ያሠራቸው ቤተ ክርስቲያናት በአመዛኙ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆኑ፣ አብዛኛው ካብ የተካበው በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው የመንደሮቹ መሬት አጥር አልነበረውም። ገበሬው በሰፋፊ ማሳዎች ውስጥ እዚህም እዚያም የተበታተነ ትልም ነበረው፤ ግጦሹም የጋራ ነበር። ከ1604 እስከ 1914 የእንግሊዝ ፓርላማ ከ5,200 በላይ አዋጆች አውጥቶ 2.8 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ፣ ማለትም የእንግሊዝን ምድር አንድ አምስተኛ ያህል፣ እንዲታጠር አደረገ። መሬቱ ለባለ ይዞታዎች ተሸነሸነ። በልማድ መብት ብቻ አንዲት ላም ያሰማራ ወይም እንጨት ይለቅም የነበረ ድኻ ብዙ ጊዜ የደረሰው ትንሽ ቁራሽ ነው፤ ወይም ምንም አልደረሰውም። «ጥንታዊው ሰላም» እየተባለ ፎቶ የሚነሣው ካብ የዚህ ክፍፍል ድንበር ነው።

ይህን ብስክሌተኛው በዓይኑ ሊያነበው ይችላል። አሮጌው መንገድ ይጠመዘዛል፤ ለዘመናት በእግር፣ በከብትና በጋሪ ተረግጦ ከማሳው በታች ጎድጉዷል። ድንገት መንገዱ ይቀናል። ካቦቹ ግራና ቀኝ ይርቃሉ፤ በአስፋልቱና በካቡ መካከል ሰፊ ሣር ይታያል። ይህ የአዋጁ መንገድ ነው። መሬት ቀያሾቹ በማስመሪያ አስምረው፣ ጋሪ ጭቃውን ዞሮ እንዲያልፍ ብዙ ጊዜ 40 ጫማ፣ 12 ሜትር ገደማ ስፋት ሰጡት፤ ዛሬ አስፋልቱ የያዘው መሐሉን ብቻ ነው። ከካቡ ባሻገር ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በግጦሹ ላይ ረጃጅም እርከን የመሰሉ መስመሮች ጎልተው ይወጣሉ። ከመታጠሩ በፊት የታረሱ ትልሞች ናቸው። ጫፋቸው የሚቆለመመው ከባዱን ማረሻ እስከ ስምንት በሬ ይስበው ስለነበር፣ ያን ሁሉ ጥማድ ለማዞር አራሹ ቀደም ብሎ መታጠፍ ስለነበረበት ነው። ሁለት በሬ ጠምዶ ማረስን የሚያውቅ አንባቢ ማንም ሳያስረዳው ይህን ጥምዝ ይረዳዋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሳፋሪ ግን የመንገዱን መቅናትም ሆነ የትልሙን ጥምዝ አያይም። አስጎብኚው ቢነግረው እንኳ ቦታው አልፏል።

«ዕውቀቱ ከየት ይመጣል?» የሚሉ አሉ። ከካርታ። የብሪታንያ የካርታ ድርጅት ኦርድናንስ ሰርቬይ በ1፡25,000 የሚያትመው ካርታ የእያንዳንዱን ማሳ ድንበር ያሳያል፤ ጠማማው ድንበር የቱ ጋ ቆሞ ቀጥታው የቱ ጋ እንደሚጀምር ማታ በማደሪያ ተቀምጦ መመልከት ይቻላል። ዳገቱ ይከብዳል ለሚሉ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ይከራያል። ዝናቡ እንቅፋት አይደለም፤ ያንን ሣር ያበቀለው እርሱ ነው። መኪና ያሰጋል የሚለው ብቻ ክብደት አለው። ሮማውያን የዘረጉት ፎስ ዌይ በዚህ አካባቢ ዛሬ ኤ429 የተባለ ጭንቅንቅ ያለ ጎዳና ስለሆነ ብስክሌተኛ ሊያቋርጠው እንጂ ሊጓዝበት አይገባም። ነገር ግን ከ1968 ጀምሮ ሕጉ ብስክሌተኛው ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ እየሰጠ በፈረስ መንገዶች ላይ እንዲሄድ ፈቅዶለታል። አውቶቡስ በዚያ አያልፍም።

የባዝን ከተማ ኢትዮጵያውያን እናውቃታለን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ በስደት የኖሩባት፣ ፌርፊልድ ሀውስ የተባለውን ቤታቸውንም በ1958 ለከተማይቱ የሰጧት ናት። ቤቱን ለማየት የሚሄድ ሰው ቀጥታ ደርሶ ቀጥታ ይመለሳል። ባዝ ግን የኮትስዎልድስ ደቡባዊ ጫፍ ናት፤ ፎስ ዌይ ያልፍባታል፤ ሕንፃዎቿም የተሠሩት ከዚያው ካብ ዘመድ ከሆነ የኖራ ድንጋይ ነው። በስተ ሰሜን ያለውን ገጠር ሳያዩ ባዝን ማየት ከፊሉን ማየት ነው። ከዚህም አልፌ እላለሁ፤ በአውቶቡስ ብቻ የዞረ ሰው የእንግሊዝን ሕንፃዎች አይቷል፣ እንግሊዝን ግን አላየም። ለንደን ያላችሁ ወገኖች፣ ከፓዲንግተን የሚነሣው ባቡር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሞርተን ኢን ማርሽ ያደርሳል። ለብስክሌቱ ቦታ አስቀድማችሁ አስይዙ፤ ቺፒንግ ካምደን ከጣቢያው በ11 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ናት።