አዲሱ ዘበኛና ባለቤቱ

የሰው ልጅ አእምሮ የወለደው መሣሪያ ሁሉ እንደ ያዡ ጠባይ ለልማትም ለጥፋትም ሲሆን ኖሯል። ዛሬም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው የኮምፒዩተር ጥበብ በንግድ ቤቱ፣ በባንኩና በመሥሪያ ቤቱ ገብቶ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሒሳብ ይመረምራል፤ እንደ ዘበኛም ሌባ ይጠብቃል። ስለዚህ ነገር አንዳንዶች «ፈጽሞ አይግባብን» ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ «ሁሉን ለእርሱ ትተን እንረፍ» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል፤ መሣሪያው ይግባ፤ የቤቱ ቁልፍ ግን ከሰው እጅ አይውጣ።

በመጀመሪያ ጥቅሙን እንመልከት። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲጻፍ ጸሐፊው ሳያየው የሚቀር ቀዳዳ አይጠፋም፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ ሌባውም የሚገባው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የጉግል ኩባንያ ሊቃውንት «ቢግ ስሊፕ» ብለው የሰየሙት ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በብዙ ስልኮች ውስጥ በሚሠራው «ኤስኪውላይት» በተባለው የመረጃ ማኖሪያ ፕሮግራም ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አገኘ። ሠሪዎቹም በተነገራቸው ዕለት ስለ ደፈኑት፣ ቀዳዳው ያለበት ፕሮግራም ለሕዝብ ሳይታደል ቀረ። ባንኮችም ከደንበኛው ልማድ ውጭ የሆነውን ክፍያ ከብዙ ሺህ መካከል ለይተው የሚያዩት በዚሁ ጥበብ እየተረዱ ነው። እንቅልፍ የማያውቅ ዘበኛ ማግኘት መታደል ነው።

ዳሩ ግን ይኸው ጥበብ በሌባውም እጅ ይገኛል። በዚያው በ2024 መጀመሪያ፣ አሩፕ በተባለው የእንግሊዝ የምሕንድስና ኩባንያ የሆንግ ኮንግ ቅርንጫፍ ለሚሠራ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከገንዘብ ሹሙ የተላከ የሚመስል መልእክት ደረሰው። አስቀድሞ ተጠራጠረ፤ በኋላ ግን በቪዲዮ ስብሰባ የአለቃውንና የባልደረቦቹን መልክ አይቶ፣ ድምፃቸውንም ሰምቶ አመነ። ሁሉም በመሣሪያ የተፈጠሩ ምስሎች ነበሩ። በ15 ጊዜ ክፍያ 25 ሚሊዮን ያህል የአሜሪካ ዶላር ከወጣ በኋላ ዋናውን መሥሪያ ቤት ቢጠይቅ፣ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ልብ በሉ፤ ገንዘቡ የተወሰደው አጥር ተሰብሮ አይደለም፤ ሰው ዓይኑንና ጆሮውን ስላመነ ነው።

ጉዳት የሚመጣው ከሌባ ብቻም አይደለም። በ2023 የሳምሰንግ ኩባንያ አንዳንድ ሠራተኞች ሥራቸውን ለማቃለል ሲሉ የኩባንያውን ምስጢራዊ የፕሮግራም ጽሑፍ ለቻትጂፒቲ ሰጡ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አልነበረውም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ቢኖር፣ የአገራችን ነጋዴ ዛሬ በስልኩ እንደሚከፍልና እንደሚቀበል ያስታውስ። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ታውጇል፤ አዋጅ ግን ጠንቃቃ ሰው ከሌለ ብቻውን ቤት አይጠብቅም።

እንግዲህ ሦስት ነገር ልማድ ይሁንልን። አንደኛ፣ የደንበኛ ስም፣ ሒሳብና የይለፍ ቃል ጠባቂው ለማይታወቅ መሣሪያ አይሰጥ። ሁለተኛ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ መልክና ድምፅ ምንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ አስቀድሞ በምናውቀው ቁጥር መልሰን ደውለን እናረጋግጥ፤ ከፍ ላለው ክፍያም የሁለት ሰው ፈቃድ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ መሣሪያው ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አያግኝ፤ የሠራውንም ኀላፊነት ያለበት ሰው ይመርምረው። ይህ ሥራ ያጓትታል የሚል ይኖራል፤ መልሶ መደወል የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሄደ ገንዘብ ግን ለመመለሱ ዋስ የለውም።

እኛ ተማሪዎች ከጥቂት ዓመት በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የምንቀመጥ ነን፤ ወላጆቻችን ግን ዛሬውኑ በየሱቃቸው ስልኩን ይዘዋል። ስለዚህ የተማርነውን በየቤታችን እናስረዳ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል የአገራችን ሰው። አጥሩን በአዲሱ ጥበብ እናጥብቀው፤ ባለቤት መሆናችንን ግን አንርሳ።