ስንተኛው እርከን ላይ ነዎት?

ዛሬ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። አሥር እርከን ያለው መሰላል በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ጫፉ ልትኖሩት የምትችሉት ምርጥ ኑሮ ነው፤ ሥሩ ደግሞ የከፋው። ዛሬ ስንተኛው እርከን ላይ ቆማችኋል?

ጥያቄው የእኔ አይደለም። ጋሎፕ የተባለው ድርጅት በመላው ዓለም ሰዎችን ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርትም አገሮችን የሚያሰልፈው በዚሁ መልስ ነው። ከ2018 እስከ 2025 አንደኛዋ ፊንላንድ ናት። በ2024 አሜሪካ 23ኛ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ 20 ወጣች። ኢትዮጵያ 130ኛ ነበረች፤ አማካይ መልሳችን 4 እንኳን አልሞላም።

የፊንላንድን ነገር ስሰማ ሳቄ ነው የመጣው። ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት ሄልሲንኪ ነው። ፊት ለፊቴ የሚኖረው ሰውዬ አሳንሰር ውስጥ ካየኝ ቀጣዩን ይጠብቃል። ከዓለም አንደኛ ደስተኛ ይሄ ነው? ግን ደግሞ እናቶች በዚያ ብርድ ሕፃናቶቻቸውን ከነጋሪያቸው ደጅ አስተኝተው፣ ካፌ ገብተው ቡና ሲጠጡ አይቻለሁ። ሪደርስ ዳይጀስት በ2013 በ16 ከተሞች የገንዘብ ቦርሳ ሆን ብሎ እየጣለ ሲሞክር፣ ሄልሲንኪ ላይ ከወደቁት 12 ቦርሳዎች 11ዱ ተመልሰዋል። ትምህርቱ ያኔ ለእኛ ለውጭ ዜጎችም በነፃ ነበር። ቢታመሙ፣ ሥራ ቢያጡ ሜዳ ላይ እንደማይወድቁ ያውቃሉ። ፈገግታ ይቆጥባሉ እንጂ ስጋት የለባቸውም።

ከዚያ ሥራ አግኝቼ ዋሽንግተን መጣሁና አዳምስ ሞርጋን ቤት ተከራየሁ። ሰፈሩ ለእኛ ታሪክ አለው። አብዮቱን ሸሽተው የመጡ ወገኖቻችን ምግብ ቤት የከፈቱት እዚሁ 18ኛው ጎዳና ላይ ነው፤ «መስከረም»ን እና «ቀይ ባሕር»ን የሚያስታውሱ ዛሬም አሉ። ኪራዩ ሲወደድ ሰዉ ወደ ዩ ስትሪት፣ ከዚያም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድርያ ሄደ። እኔ የደረስኩት ድግሱ ካለቀ በኋላ ነው።

ከቤት ሆኜ ኮድ እጽፋለሁ፤ ምሳዬንም እራቴንም ኮምፒውተሬ ፊት እበላለሁ። ብቻዬን አይደለሁም፦ የ2025ቱ ሪፖርት እንደሚለው፣ በ2023 ከአራት አሜሪካውያን አንዱ ያለፈውን ቀን ማዕድ በሙሉ ብቻውን በልቷል፤ ከ2003 ወዲህ በ53 በመቶ ጨምሯል።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ የእናቴ ዘመድ፣ ጋሼ የምላቸው፣ እድር እንድገባ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኝ ነበር። «እኔ ኢንሹራንስ አለኝ» አልኳቸው። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ኮሪደሩ በሰው ሞልቷል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናቶች፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው የያዙ ወንዶች፤ ግማሾቹን አይቻቸው አላውቅም። ፊት የቆሙት ጋሼ ናቸው። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ በር ሲያንኳኳ ምን ማለት እንደሆነ ለአበሻ አይነገረውም። «አባትህ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ዓርብ ከሰዓት ነው የሰሙት። ሌሊቱን ሙሉ ሲደዋወሉ አድረው፣ አንዱ ታክሲውን አቁሞ፣ አንዷ ከሆስፒታል የሌሊት ተራዋ ፈቃድ ጠይቃ፣ ከአሌክሳንድርያም ተጭነው መጡ። የመኖሪያ ፈቃዴ ገና በሂደት ላይ ስለነበር ለቀብር መሄድ አልቻልኩም። ሦስት ቀን ቤቴ ሰው አልተለየውም። ያለኝ ወንበር ሁለት ስለነበር የእድሩን ወንበሮች አመጡ፤ እንጀራው፣ ወጡ፣ በፔርሙስ የተሞላው ቡና ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ከታች ያለችው አሜሪካዊት ጎረቤቴ መጀመሪያ እሳት የተነሳ መስሏት ወጣች፤ በማግስቱ የጋገረችውን ዳቦ ይዛ መጣች። ስሟን ያን ዕለት ነው ያወቅኩት።

«እኔ እኮ አባል አይደለሁም» አልኳቸው ጋሼን።

«ብሩ ነው ለአባል፤ ለቅሶ ማን መዝገብ ያያል?» አሉኝ።

ሪፖርቱ የአገሮችን ልዩነት ሲያብራራ ከገቢ፣ ከጤና፣ ከነፃነት፣ ከልግስናና ከሙስና ጋር አንድ ቀላል ጥያቄ ይመዝናል፦ ችግር ቢገጥምዎ የሚደርስልዎ ዘመድ ወይም ወዳጅ አለ? ዓርብ ዕለት ቢጠይቁኝ «የለም» እል ነበር። ተሳስቼም ነበር። የ2025ቱ ሪፖርት ስለ ወደቀ ቦርሳም ተመሳሳይ ነገር ይላል፤ ሰው ከሚገምተው በላይ ቦርሳው ይመለሳል።

ታዲያ እድር ስላለን ደስተኞች ነን ልል አይደለም። 130ኛዋ አገር ውስጥ እድር የሌለው ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። አባቴን በክብር የቀበረው የሰፈሩ እድር ነው፤ ከመሞቱ በፊት ግን ወንድሜ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ከርሟል። የአገሬ ሰው እንዴት ነህ ሲሉት «ተመስገን» ይላል፤ መሰላሉን ሲያሳዩት ግን እውነቱን ይናገራል። ጦርነቱን፣ የጤፉን ዋጋ እድር አያወርደውም። ለፊንላንዳዊው ቀባሪ አይደለም መንግሥት ያዘጋጀለት፤ ሐኪም ነው። ሁለቱንም የምመኝ ስግብግብ ሆኛለሁ።

አሁን እሁድ እሁድ ሲልቨር ስፕሪንግ እወርዳለሁ። የእድሩን መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር እያስገባሁ ነው። «በችግር ጊዜ የሚጠራ ሰው» የሚል ዓምድ አለው። የአዛውንቶቹ ሁሉ ሞልቷል፤ አንዳንዶቹ አራት አምስት ስም ጽፈዋል። በቅርብ የገቡት፣ የእኔ እኩዮች፣ ባዶ ትተውታል። በዚህ ሳምንት አንድ በአንድ እየደወልኩላቸው ነው።