«ስሙን ያመጣል» ብሎ ዶክመንቴሽን!

መገናኛ ላይ ቆማችሁ አንዱን መንገደኛ «ወንድሜ፣ ወደ ኮተቤ የሚሄደው ታክሲ በየት በኩል ነው የሚገኘው?» ብላችሁ ጠየቃችሁት እንበል። ሰውየውም ዞር ብሎ በትሕትና «ይህ ሰፈር መገናኛ ይባላል» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? አልዋሸም። አልተሳደበም። ግን ምንም አልነገራችሁም።

ዛሬ በየሶፍትዌር ቤቱ በማሽን የሚጻፈው ኮመንት ይህ ሰውዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። (እኔ ራሴ የተመረቅሁት በጋዜጠኝነት ነው። እንጀራ ፍለጋ ለሶፍትዌር ቤቶች የተጠቃሚ ማኑዋል ስለምጽፍ ግን የሰው ኮድ ስፈትሽ መዋል ለምዶብኛል።) ኮመንት ማለት ፕሮግራመሩ በኮዱ መሐል ለሰው ብሎ የሚተወው ጽሑፍ ነው። ኮምፒውተሩ አይቶ ያልፈዋል፤ ለእሱ አልተጻፈማ! የተጻፈው ነገ ያንን ኮድ ለሚረከበው ሰው ነው።

ታዲያ ሰነፍነታችንን የሚያውቁ የኤዲተር ሠሪዎች ሥራውን አቃለሉልን። ቪዥዋል ስቱዲዮ ውስጥ ከፈንክሽኑ በላይ ሦስት ጊዜ ሰያፍ መስመር (///) ስትመቱ የኮመንቱ ቅርጽ ተዘርግቶ ይመጣል። ጎስትዶክ የሚባለው ተቀጥላ ደግሞ የፈንክሽኑን ስም አይቶ ባዶውን ቦታ ራሱ ይሞላዋል፤ «ጌት ኔም» የሚል ካገኘ «ስሙን ያመጣል» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጽፍና አረፈ። እ.ኤ.አ. በ2021 ለሙከራ የቀረበው ጊትሀብ ኮፓይለትና ከእሱ በኋላ የመጡት ከዚህ በጣም ይሻላሉ። የኮዱን ሆድ ዕቃ አንብበው አንድ አንቀጽ የሚያምር እንግሊዝኛ ያወርዳሉ።

«ታዲያ አንቺን ምን አስቆጣሽ?» ትሉኝ ይሆናል።

ያስቆጣኝ ይህ ነው፦ ከኮዱ የሚገኘውን ነገርማ ከኮዱ አነበዋለሁ። ኮመንት የሚያስፈልገው ከኮዱ የማይገኘውን ለመንገር ነው። እሱም «ለምን» ይባላል። ጋዜጠኝነት ስንማር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት እያልን ቆጥረናል። ሥራ ላይ ስንሰማራ ግን «ለምን» ቀስ ብላ ትጠፋና «ስብሰባው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ» የሚል ዜና ብቻ ይቀራል። ስለምን ተሰበሰቡ? ምን ወሰኑ? እሱን አትጠይቁ። የማሽኑ ኮመንትም እንዲሁ ነው፤ ሁሉም ነገር በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል።

በወሬ ብቻ እንዳይሆን ምሳሌ ላምጣ። አንድ የደመወዝ ሶፍትዌር ውስጥ «ደመወዙ ከ600 የማይበልጥ ከሆነ ዜሮ መልስ» የሚል መስመር አለ እንበል። የማሽኑ ኮመንት «ደመወዙ ከ600 የማይበልጥ ከሆነ ዜሮ ይመልሳል» ነው። እግዜር ይስጥልን! 600 ግን ከየት መጣ? በ2008 ዓ.ም. ከወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ነው የመጣው፤ በወር እስከ 600 ብር የሚያገኝ ተቀጣሪ ግብር እንዳይከፍል የሚል ነበር። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ፓርላማው ያጸደቀው ማሻሻያ ደግሞ ይህን ጣሪያ ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገው። እንግዲህ ያንን ሶፍትዌር የተረከበች ልጅ 600 የሚል ቁጥር አምስት ቦታ ብታገኝስ? የትኛው የግብሩ ነው? የትኛውስ ድርጅቱ በራሱ ፈቃድ የሚከፍለው አበል ነው? አንዱን ብትስት በወሩ መጨረሻ የሚጎድለው የጥበቃው ደመወዝ ነው። «የግብር ነጻ ጣሪያ፣ አዋጅ 979/2008፤ አዋጁ ሲለወጥ ይለወጥ» ብሎ መጻፍ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

«የአሁኑ ማሽን እኮ የግብር ቁጥር መሆኑን ሊገምት ይችላል» የሚል አይጠፋም። ሊገምት ይችላል። ግን ግምት በእርግጠኛ ሰው ድምፅ ሲጻፍ ከዝምታ ይብሳል። «ላስት ኔም» የሚለውን መስክ እዩት። ማሽኑ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጽፍበታል፤ እዚህ አገር የተመዘገበበት ግን የአባት ስም ነው። ያንን ኮመንት አምኖ ሰውን በቤተሰብ የሚመድብ ፕሮግራመር አባትን ከልጁ ይነጥላል፣ የማይተዋወቁ የሁለት ከበደዎችን ልጆች ደግሞ ወንድማማች ያደርጋል። ከሰዓት ላይ 6 የሚቀንሰውም መስመር «ስድስት ይቀንሳል» ተብሎ ይታለፋል፤ የእኛ ሰዓት ከንጋት፣ የፈረንጁ ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠር መሆኑን የሚነግር የለም። አንድ ቀን «ይህ ስህተት ነው» ብሎ የሚሰርዘው አዲስ ቅጥር ይመጣል።

አንድ ስሙን የማልጠራው ቢሮ ማኑዋል ጻፊልን ብሎኝ ነበር። ኮዱ ኮመንት በኮመንት ነው፤ ያልተለጠፈበት ፈንክሽን የለም። «ስታተስ 7» ምን ማለት እንደሆነ ስፈልግ ያገኘሁት «ስታተሱን 7 ያደርጋል» የሚል ነው። ቢሮው ውስጥ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ጻፊው ካናዳ ገብቷል። በቴሌግራም ተፈልጎ ሲገኝ ሳቀና «እሱማ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ካላዩት እንዳይከፈል የተባለው ነው» አለ። ገንዘብ የሚያስቆም ቁጥር፣ ምክንያቱ ካናዳ!

ታዲያ ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል? አንደኛው ምክንያት ቆጠራ ነው። የሲ ሻርፕ ኮምፓይለር የዶክመንቴሽን ፋይል አውጣ ሲሉት ኮመንት በሌለው የአደባባይ ፈንክሽን ሁሉ ላይ ሲኤስ1591 የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። አለቃው ማስጠንቀቂያው ዜሮ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ልጁም ቁልፏን ይጫናታል። ዜሮ ሆነ። አለቃ ተደሰተ። ሪፖርት ተላከ። እኛ አገር ሪፖርትና ሥራ መቼ ተገናኝተው ያውቃሉ?

ሁለተኛው ምክንያት ግን አንጀቴን ይበላኛል። «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ማሽኑ ከውርደት ያድነኛል» የሚሉ ጎበዝ ልጆች አሉ። ለእነሱ አንድ ነገር ልበል። ከመገናኛ ቀና ብላችሁ ወደ የካ ተራራና ወደ እንጦጦ ተመልከቱ። ከየካ ሚካኤል እስከ እንጦጦ ማርያም ባለው መንገድ መጻሕፍት የተማሩ መምህር ብታገኙ አንድምታ እንዴት እንደሚባል ጠይቋቸው። ንባቡ ግእዝ ነው፤ ትርጓሜው አማርኛ። መምህሩ ንባቡን ብለው ሲያበቁ ያንኑ አይደግሙትም፤ «አንድም» እያሉ ፍቺውን፣ ታሪኩን፣ ምክንያቱን ያወርዳሉ። ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል የሚባለውም በከንቱ አይደለም። አባቶቻችን በሌላ ቋንቋ የተጻፈን ነገር በአማርኛ ሲያብራሩ አላፈሩም፤ እኛ በምን ዕዳችን እናፍራለን? የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ። ኮምፓይለሩ እንደሆነ ኮመንቱን ያልፈዋል። ኮዱ በእንግሊዝኛ፣ ምክንያቱ በአማርኛ ቢሆን ማን ይከሰናል?

ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ አልከለክልም። ማሽኑንም ጣሉት አላልኩም። የተሰባበረ እንግሊዝኛውን ይጠግንለት፣ የፈንክሽኑን ግብዓት ይዘርዝርለት። ምክንያቱን ግን ራሱ ይጻፍ፤ ስብሰባው ላይ የነበረው፣ ስልኩን ያነሳው፣ አዋጁን ያነበበው እሱ እንጂ ማሽኑ አይደለም። በጋዜጠኛ ቋንቋ፦ ማሽኑ አራሚ ይሁን እንጂ ዘጋቢ አይሁን።

ይህን የምለው አሁን የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ይፋ ከሆነ ወዲህ ኮድ የሚማረው ወጣት በዝቷል፤ እሰየው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ልጅ «ለምን» የሚለውን መጻፍ የኤዲተሩ ሥራ ነው ብሎ ካደገ፣ የምናወርሰው ኮድ የሚሠራ ነገር ግን ማንም የማይነካው ይሆናል። ልጆቹም ምክንያቱን በሆዳቸው ይዘው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ።

ዛሬ ማታ የጻፋችሁትን አንድ ፋይል ክፈቱና ኮመንቶቹን አንድ በአንድ ደምስሷቸው። ስትደመስሱት ምንም ያልጎደለ ካለ፣ እሱ ከመጀመሪያውም አልነበረም። በቦታው ማሽኑ የማያውቀውን አንድ መስመር ጻፉበት።