አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ! የማይክሮሶፍትና የቶምቶም ሙግት

መንገድ ላይ ኬላ ዘርግቶ ቀረጥ የሚጠይቅ ሰው፣ ለመሆኑ መንገዱን የሠራኸው አንተ ነህ ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2009 የዘረጋው ኬላ ግን ዳኛ ሳይጠይቀው ቀረጡን ሰብስቦ ሄዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶምቶም የአምስተርዳም ኩባንያ ነው። መስተዋት ላይ ተለጥፎ "ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ ወደ ግራ ታጠፍ" እያለ ሾፌሩን የሚመራውን መሣሪያ ሠርቶ ነው ስም ያወጣው። በዋሽንግተን ታክሲ የነዱ ወገኖቻችን እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ አሳምረው ያውቁታል። በፌብሩዋሪ 2009 ማይክሮሶፍት ስምንት ፓተንቶቼን ጥሷል ብሎ ከሰሰው። አምስቱ የመኪና ኮምፒውተርንና መንገድ መምራትን የሚመለከቱ ናቸው። አንዱማ በደምሳሳው ሲነገር፣ ዳሽቦርድ ውስጥ በሚገጠም ኮምፒውተር ልዩ ልዩ ፕሮግራሞችን ማሠራት የእኔ ሐሳብ ነው የሚል ነው። ጉድ በሉ!

ነገሩን ያጋለጡት ግን የቀሩት ሦስቱ ናቸው። እነሱ ስለ መንገድ አይደሉም፤ ስለ ፋይል አያያዝ ናቸው። ሁለቱ "ፋት" በሚባለው ሥርዓት ረዥም የፋይል ስም እንዴት እንደሚቀመጥ ይናገራሉ። ያኔ ካሜራውም ሚሞሪ ካርዱም ፍላሽ ዲስኩም የሚሠራው በፋት ነበር። ከዊንዶውስ ጋር ልነጋገር ያለ ዕቃ ወዴት ይሸሻል? ቶምቶም ደግሞ መሣሪያውን የሠራው በነጻ በሚታደለው በሊኑክስ ነው። እንግዲህ በትሩ ያረፈው ቶምቶም ላይ ቢሆንም የታለመው ማን ላይ እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ማይክሮሶፍት በበኩሉ የክሱ ዋና ጉዳይ እሱ አይደለም ሲል አስተባብሏል።

ቶምቶምም ዝም አላለም። በማርች አራት ፓተንቶች ይዞ ቨርጂኒያ ላይ መልሶ ከሰሰ። ግን አቅሙ የት አለ? በ2008 ቴሌ አትላስ የተባለውን ካርታ ሠሪ በ2.9 ቢሊዮን ዩሮ ገዝቶ ዕዳ ውስጥ ተዘፍቋል። ገና በአምስተኛው ሳምንት፣ ማርች 30፣ ታረቁ ተባለ። ቶምቶም ከፈለ፤ ስንት? አልተነገረም። የረዥም ስሙንም ጉዳይ በሁለት ዓመት ውስጥ ከመሣሪያው ሊያወጣ ተስማማ። ማይክሮሶፍት ግን በቶምቶም ፓተንቶች ሲጠቀም ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። እርቅ ማለት ይሄ ከሆነ!

ፈጣሪ በላቡ አይጠቀም አላልኩም። ሰው ዓመታት የደከመበትን ሌላው በአንድ ሌሊት ሲገለብጥበት ጋሻው ፓተንት ነው። ችግሩ አሜሪካ ውስጥ የፓተንት ሙግት በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር መብላቱ ነው። ስለዚህ ተከሳሹ "ጥፋተኛ ነኝ ወይ?" ብሎ ሳይሆን "የቱ ይረክስልኛል?" ብሎ ይወስናል።

በኋላ ሞቶሮላ፣ ጉልበት ያለው፣ ጀርመን ውስጥ ተሟገተ። በ2013 የጀርመን ፌዴራል የፓተንት ፍርድ ቤት ያንን የረዥም ፋይል ስም ፓተንት ውድቅ አደረገው። ቶምቶም ያኔ ከከፈለ አራት ዓመት አልፎታል። በ2019 ደግሞ የማይክሮሶፍት የካርታ አገልግሎት ዋና መረጃ አቅራቢ ሆኖ ብቅ ያለው ማን መሰላችሁ? ያው ቶምቶም ነው።