ማዳበሪያው ፍሬናችሁን እየበላው ነው

የቢቸናና የሞጣ የጭነት መኪና ባለቤቶች፣ ሾፌሮች፣ ረዳቶች! ሰኔ ግም ሳይል መኪናችሁ ሥር ግቡ። ነገ ሳይሆን ዛሬ።

ማዳበሪያው ከጅቡቲ የሚመጣው በትልልቅ ተሳቢ ነው፤ ከመጋዘን ወደ ገበሬው ማኅበር የሚያደርሰው ግን የእናንተው አይሱዙ ነው። ጆንያ ይቀደዳል። ፍሬው በካሶኒው ስንጥቅ እየሾለከ ሻሲው ላይ፣ በባሌስትራው ንብርብር መሀል፣ በፍሬን ቱቦው መያዣ ሥር ይቀመጣል። ኤንፒኤስ ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ጨው ነው፤ ዩሪያውም ከአየሩ እርጥበት ስቦ ይሟሟል። ይህ ሙሙት ብረት ላይ ሲያድር ተራ የዝናብ ውኃ ከሚያዝገው ይልቅ ፈጥኖ ይበላዋል። በዚያ ላይ የእነማይ ዋልካ ይለጠፍበታል። ጭቃው ከውጭ ደርቆ ቢረግፍም በሻሲው እጥፋት ውስጥ ያለው እርጥብ እንደሆነ ይሰነብታል።

ካናዳና ሚኒሶታ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ጠላት ያውቁታል፤ እዚያ በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። የጃፓን መኪና አይዝግም የሚል ሾፌር ካለ ደግሞ ንገሩልኝ፤ ቶዮታ የታኮማ፣ የተንድራና የሴኮያ ሻሲ እየዛገ አስከስሶት በ2016 እ.ኤ.አ. እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊያስወጣው የሚችል ስምምነት ተፈራርሟል።

ሻሲስ ቢሆን ተበልቶ እስኪያልቅ ዓመታት ይፈጃል። እኔን ያስጨነቀኝ ቀጭኑ የፍሬን ቱቦ ነው። የቱቦው ግድግዳ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ማዳበሪያ ያራገፈው መኪና ሲመለስ ጤፍ ጭኖ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ሾፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር የዘይቱ ግፊት የሳሳውን ቦታ ያገኘዋል። ያ ቦታ የተነደለ ዕለት ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሰጥማል።

ስለዚህ ማዳበሪያ እንዳራገፋችሁ መጀመሪያ በደረቁ ጥረጉ። ሳይጠረግ ውኃ ከነካው ተሟሙቶ እጃችሁ ወደማይደርስበት ስንጥቅ ይገባል። ከዚያ ላቫጆ ወስዳችሁ ከሥር አሳጥቡ፤ ለዓይን የሚያምረው ካቢና ሌላ ቀን ይታጠብ። ሱሃ ወንዝ ውስጥ መኪና ማስገባት ግን ይቅር፤ ከታች ሰው ይቀዳል፣ ከብት ይጠጣል።

ሲደርቅ የፍሬን ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጨርቅ ጥረጉት፣ በተለይ መያዣዎቹ ሥር። ያበጠ ቦታ ካለ ፋቁት፤ የተቦረቦረ ከሆነ መቀየር ነው። የተበላውን ቆርጦ በጎማ ቱቦ ማገናኘትና በሽቦ ማሰር ጥገና አይባልም፣ ሰው መጨረስ ነው።

የተቃጠለ ዘይት ሥሩን መቀባትም ተዉ። ዘይቱ ጎማ ነክ ዕቃዎችን ያሳብጣል፣ ፍሬን ሸራ ከነካ ያንሸራትታል፤ እርጥብ ጭቃ ላይ ሲቀባ ደግሞ እርጥበቱን ከነብረቱ ያሽገዋል። ተፋቅቶ የደረቀ ብረት ላይ አንቲረስት፣ በላዩ ቀለም፤ ሌላ ዘዴ አያስፈልገውም። ቦሎ ተለጥፎልኛል የሚል መልስም አይሠራም፤ ምርመራው በዓመት አንዴ ነው፣ ክረምቱ ደግሞ ከምርመራው በኋላ ይመጣል።

እናንተ የእህል ነጋዴዎችም፣ ጤፋችሁ ከመጫኑ በፊት ረዳቱ ካርቶን አንጥፎ ሥር ይግባ። ከጎማዎቹ ውስጠኛ ጎን ላይ እርጥብ ዘይት ካየ ጭነቱ ይደር።