ለጭቃ ቤት አፈር ይመረጥ

የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲሰነጠቅ ጥፋቱ ሁሉ በጭቃነቱ ይሳበባል፤ እኔ ግን አብዛኛው ጥፋት የአፈር ምርጫ ነው እላለሁ። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ማዕድን ስለበዛበት በበጋ ማሳው ላይ እንኳ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ግድግዳ ላይ ሲወጣም ጠባዩን አይለውጥም። የደጋው ቀይ አፈር ግን በአመዛኙ ብዙም የማያብጠውን የካኦሊን ዓይነት ማዕድን ስለሚይዝ የረጋ ነው።

«ዋልካ ይበልጥ ይጣበቃል፤ የጤፍ ጭድ ከበዛበትም ይይዛል» የሚሉ አሉ። መጣበቁ እውነት ነው። ጭዱ ግን ስንጥቁን ያሳንሰዋል እንጂ እብጠቱን አያስቀረውም፤ ግድግዳው በራሰ ቁጥር ይመለሳል። ቀይ አፈር ከራቀ ዋልካው ላይ አሸዋ መጨመር ይሻላል። ቤት ሠሪዎች፣ ምርጊት ከመጀመራችሁ በፊት ከየአፈሩ አንዳንድ ጡብ አቡክታችሁ በጥላ አድርቁና የትኛው እንደሚሰነጠቅ እዩ።