ሞተሩ ይሄዳል፣ ሙዚቃው ግን የለም

ነገሌ ቦረና የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የገባችው በአንድ ያልተጠገነ የውኃ ፓምፕ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በጥር 1966 ዓ.ም. በከተማዋ የሰፈሩ ወታደሮች የውኃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ፣ ምግባቸውም ከፍቶ አቤት ቢሉ ሰሚ በማጣታቸው አመጹ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የዛሬው ጨዋታችን ስለ አብዮት ሳይሆን ስለ ሞተር ሳይክል ሙዚቃ ነው። ከታሪኩ የምንወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትንሽ ብልሽት በጊዜ ካልታየ ከራሱ የሚበልጥ ጣጣ ይዞ ይመጣል።

በነገሌ፣ በያቤሎና በሞያሌ ሞተርና ባጃጅ የከተማው እግር ናቸው። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ባለቤቶቻቸው ቴፕ፣ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር አስገጥመዋል። አዲስ አበባም ሆነ ሐዋሳ የሚኖሩ አንባቢያችን ከሆኑ ምናልባት እርስዎ በረንዳ ላይ የቆመ፣ ከአባት ወይም ከወንድም የተረከቡት አሮጌ ሞተር ይኖር ይሆናል። አንድ ቀን ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሩ ይነሳል፣ ሙዚቃው ግን የለም። አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚያስበው አዲስ ቴፕ መግዛትን ነው። አይቸኩሉ። አሮጌ ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቴፑ ሳይሆን ወደ ቴፑ የሚሄደው መስመር ነው። ያንን ሳያዩ አዲስ ቢገዙ አዲሱም በዚያው መስመር ላይ ይቀመጣል።

ቆላው ሽቦን እንዴት ይበላል?

መኪና ውስጥ ያለ ቴፕ ጣራና በር አለው። የሞተሩ ግን ፀሐይ፣ አቧራና ንዝረት ይፈራረቁበታል። በጉጂና በቦረና ቆላማ ቦታዎች ዋናው ዝናብ የሚጥለው እንደ ደጋው በክረምት ሳይሆን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ደግሞ አጭሩ ዝናብ ይመጣል። በበጋው በየማያያዣው የገባው ቀይ አቧራ ዝናቡ ሲመጣ ጭቃ ይሆናል፤ መዳቡም አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ሽቦው ተያይዞ ይታያል እንጂ ኃይል በደንብ አያሳልፍም። ስለዚህ ለእነዚያ ከተሞች ሰው ቴፑን የመፈተሻው ጥሩ ጊዜ ዝናቡ ሳይጀምር፣ በየካቲት ነው።

ለፍተሻው ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ናስትሮ፣ አንድ የባትሪ ድንጋይና መለዋወጫ ፊውዝ ይበቃሉ።

1. መጀመሪያ ባትሪውን ይጠይቁ

ሞተሩ ጠፍቶ ቴስተሩ ባትሪው ላይ ከ12.4 እስከ 12.8 ቮልት ካሳየ ባትሪው ደህና ነው። ከ12 በታች ከሆነ ደክሟል። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው መካከለኛ ነዳጅ ይስጡት፤ ቁጥሩ ወደ 13.5 – 14.5 መውጣት አለበት። ካልወጣ ሞተሩ ባትሪውን እየሞላ አይደለም። ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ እስኪሠራ ድረስ ቴፑን ያላቁት፤ አለበለዚያ ሊቃጠል ይችላል።

አንዳንድ አሮጌ ሞተሮች ባትሪያቸው 6 ቮልት መሆኑንም አይርሱ፤ የመኪና ቴፕ በእነሱ ላይ አይሠራም። በሌሎች ላይ ደግሞ የፊት መብራቱ ኃይል የሚያገኘው ከባትሪው ሳይሆን በቀጥታ ከሞተሩ ጥቅል ነው። ቴፑን ከመብራቱ ሽቦ የቀጠለ ሰው ጉርምርምታ ይሰማል፤ ቆይቶም ቴፑን ያጣል። የቴፕ ኃይል ምንጊዜም ከባትሪው ይነሳ።

2. ፊውዙ ነግሮዎታል፣ ያድምጡት

ቴፑ ምንም መብራት ካላሳየ ፊውዙን አውጥተው ይዩ። ከተቃጠለ በተመሳሳይ አምፒር ይተኩት። እንደገና ከተቃጠለ አንድ ቦታ ሽቦ ተልጦ ከሞተሩ ብረት ጋር እየተነካካ ነው። ሽቦው ብዙ ጊዜ የሚላጠው መሪው በሚዞርበት አንገት ላይና ከመቀመጫው ሥር ነው።

እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የሚቀየረው። ፊውዝ ሲጠፋ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ወይም ሽቦ ቆርጦ ማስገባት በየመንገዱ የተለመደ ነው። ሙዚቃው ይመለሳል፤ ጠባቂው ግን የለም። የተላጠው ሽቦ ሲነካካ የሚቃጠለው ፊውዙ መሆኑ ይቀርና ሽቦው ራሱ ይግላል። ያ ሽቦ ደግሞ የሚያልፈው ከቤንዚን ጋኑ ሥር ነው። ልጅዎን ከኋላ ጭነው ይሆናል። ትክክለኛው ፊውዝ እስኪገኝ ያለ ሙዚቃ መሄድ ይሻላል።

በዚያው አንድ ሒሳብ ልጨምርልዎ። ሳጥኑ ላይ «1000 ዋት» የተጻፈበት ስፒከር ገበያ ላይ ሞልቷል። ባለ 12 ቮልት መስመር በ5 አምፒር ፊውዝ ሊያሳልፍ የሚችለው 60 ዋት ያህል ነው። ጽሑፉን ሳይሆን ፊውዙን ይመኑ።

3. ማሳውን ያጽዱ

ጋራዦቻችን ከጣሊያንኛ ወርሰው «ማሳ» የሚሉት የኔጋቲቩ ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ነው። ሙዚቃው ጉድጓድ ሲመቱ የሚቋረጥ፣ ድምፅ ሲጨምሩ ቴፑ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ቴፑ ጮክ ብሎ እየሠራ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የቴፑ ጥቁር ሽቦ ላይ ያድርጉ። ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር መታየት አለበት። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ደካማ ነው። ብሎኑን ይፍቱ፣ ቀለሙንና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ብረቱ እስኪያበራ ያጽዱ፣ መልሰው ያጥብቁ። ከተቻለ ግን ጥቁሩን ሽቦ በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይውሰዱት።

4. መብራቱ አለ፣ ድምፁ የለም

አንዱ ስፒከር ብቻ ዝም ካለ ቴፑን አጥፍተው ስፒከሮቹን ያቀያይሩ። ዝም ያለው ወደ ሌላው መስመር ተዛውሮም ዝም ካለ ችግሩ ስፒከሩ ነው። ጤነኛው ስፒከር በተራው ዝም ካለ ችግሩ ከሽቦው ወይም ከአምፕሊፋየሩ ነው። ለማረጋገጥ ስፒከሩን ነቅለው የባትሪ ድንጋዩን ለቅጽበት ያስነኩት። «ቋ» ካለ በሕይወት አለ። በቴስተር ሲለካ ደግሞ ባለ 4 ኦም ስፒከር ከ3 እስከ 4 ያሳያል፤ ምንም ካላሳየ ውስጡ ያለው ጥቅል ተቃጥሏል። የስፒከሩን ኔጋቲቭ ግን ከሞተሩ ብረት ጋር እንዳያስሩት፤ አብዛኞቹ የዛሬ አምፕሊፋየሮች በዚህ ይቃጠላሉ።

ቴፑ ቁልፍ በተዘጋ ቁጥር ጣቢያውንና ሰዓቱን ከረሳ የተበላሸ ነገር ላይኖር ይችላል። በተለመደው አሠራር ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ከባትሪ፣ ቀዩ በቁልፍ ከሚከፈተው መስመር ኃይል ያገኛሉ። ሁለቱ አንድ ላይ በቁልፍ መስመር ከታሰሩ ቴፑ ትዝታ አይኖረውም። ሁለቱም በቀጥታ ባትሪው ላይ ከታሰሩ ደግሞ ሲረሱት ባትሪውን ሲጠጣ ያድራል።

5. ነዳጅ ሲሰጡ የሚጮኽ ከሆነ

ከነዳጁ ጋር እየቀጠነ የሚወጣ ፉጨት ከኃይል መሙያው ወይም ከማሳው ይመጣል። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ደግሞ ከካንዴላው ነው። የቴፑን ሽቦዎች ከካንዴላው ገመድ ያርቁ፤ ካንዴላ ሲቀይሩም ድምፅ የሚቀንሰውን፣ ብዙ ጊዜ በቁጥሩ መካከል «አር» የሚል የላቲን ፊደል ያለበትን ዓይነት ይጠይቁ።

6. ብልሽት የማይባለው ብልሽት

ፍላሹ ጥሩ ከዘፈነና ሬዲዮው ብቻ ከተንሿሿ ቴፑ ጤነኛ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ኮረብታ ይጋርደዋል፤ ከነገሌ ወጥተው ወደ ፊልቱ ሲሄዱ ጣቢያ ቢጠፋ አይደነቁ። መኪና ላላችሁም እዚህ ላይ አንድ ቃል አለን። ከጃፓን የመጡ የቆዩ መኪኖች ሬዲዮ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፋና 98.1፣ ሸገር ደግሞ 102.1 በመሆናቸው እንዲህ ያለው ሬዲዮ አያገኛቸውም። ይህ በመለዋወጫ ሱቅ በሚሸጥ ትንሽ መቀየሪያ ይፈታል እንጂ ሬዲዮውን መጣል አያስፈልግም።

ከተሠራ በኋላ

የትንሽ ሞተር ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 9 አምፒር-ሰዓት ብቻ ነው። ሞተሩን አጥፍተው በ5 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 2 አምፒር የሚበላ ቴፕ ቢያጫውቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ባዶ ይሆናል፤ ለማስነሳት የሚበቃው ኃይል ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ያልቃል። ሞተርዎ በእግር የማይነሳ ከሆነ ከከተማ ውጭ ጥላ ሥር አርፈው ሙዚቃ ሲሰሙ ይህን ያስታውሱ።

ድምፁንም በልክ ያድርጉት። በቆላው መንገድ ግመል ሳያስጠነቅቅ ይሻገራል፤ ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና ግን ጥሩንባ ይነፋል፣ ያንን መስማት አለብዎ። ልጅዎ ሞተሩን የሚነዳ ዕድሜ ላይ ከደረሰ ይህን ደንብ ቁልፉን ሲሰጡት አብረው ይስጡት።

ፍተሻው ካቃተዎት ወደ ኤሌክትሪክ ሠሪ ይሂዱ፤ ግን «ቴፑ ተበላሽቷል» ብለው አይደለም። «ባትሪው 12.6 ነው፣ ፊውዙ ደህና ነው፣ የግራው ስፒከር ብቻ ዝም ብሏል» ይበሉት። እሱም ሥራውን ከዚያ ይጀምራል፤ እርስዎም ላልተበላሸ ዕቃ አይከፍሉም። ሲጨርስ የትኛው ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲነድፍልዎ ይጠይቁት። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው ከመቀመጫው ሥር ያኑሩት። ሞተሩን ነገ የሚረከብዎ ሰው ከምንም በላይ የሚያመሰግንዎ በዚያች ወረቀት ነው።